ጌጁ ሁለት መስመር እያሳየ ቤንዚን ለምን ያልቃል?

ሞተር ሳይክሌ ጎጃም ውስጥ ከሉማሜ ወጣ ብሎ ነው ያቆመኝ። ቀትር ላይ። ኤንጅኑ ሁለት ጊዜ አሳለ፣ ተንዘፈዘፈ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የነዳጅ መለኪያ፣ ጌጁን፣ አየሁት። ከስድስቱ የነዳጅ መስመሮች ሁለቱ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ቤንዚን አለኝ ማለት ነው። ስለዚህ ካንዴላውን ጠረጠርኩ። ፈታሁት፣ በሸሚዜ ጫፍ ጠረግኩት፣ መልሼ አሰርኩት። ወይ ፍንክች። ግማሽ ሰዓት ካባከንኩ በኋላ ነው የታንኩን ክዳን ከፍቼ በስልኬ መብራት ወደ ውስጥ ያየሁት። የታንኩ ወለል ይታያል።

ሞተር ሳይክል መግፋትን የገፋ ያውቀዋል። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ገፍቼ መንገድ ዳር በሃይላንድ ቤንዚን የሚሸጥ ልጅ አገኘሁ። ላቤን አየ፤ ዳሽቦርዱን አየ። «ጋሼ፣ ጌጁን አምነው ነው?» አለኝ። ሳቁን ለመደበቅ እንኳን አልሞከረም። ያስከፈለኝን ዋጋ አልነግራችሁም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከነከነኝ። ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ የት እንደቆምኩ በጥቂት ሜትር ልዩነት ይነግረኛል። ሞተሬ ግን ሆዱ ውስጥ ስንት ሊትር እንዳለ አያውቅም። ለምን? መካኒክ ጠየቅኩ፣ ታንክ አስፈታሁ፣ ለወራት በደብተር መዘገብኩ። የደረስኩበትን እነሆ።

ከሮቶው ኳስ እንጀምር

ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ ከፍታችሁ ታውቁ ይሆናል። ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ኳስ አለ፤ ከአንድ ዘንግ ጋር ተያይዟል። ውሃው ሲወጣ ኳሱ ይወጣል፤ ሲወርድ ይወርዳል። ሞተር ሳይክል ታንክ ውስጥ ያለውም የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው። ተንሳፋፊውን የያዘው ቀጭን ዘንግ በሌላኛው ጫፉ የኤሌክትሪክ ንጣፍ ላይ ይንሸራተታል። ጫፉ ቦታ በቀየረ ቁጥር ንጣፉ የሚያሳልፈው ኤሌክትሪክ ይበዛል ወይም ያንሳል። ዳሽቦርዱ ያንን አንብቦ መርፌ ያንቀሳቅሳል፤ ወይ መስመር ያበራል፣ ያጠፋል።

ልብ በሉ። ጌጁ የሚያውቀው አንድ ኳስ ምን ያህል ከፍ እንዳለ ብቻ ነው። ሊትር የሚባል ነገር አልነካም። ከፍታን ወደ ሊትር መቀየር ቀላል የሚሆነው ዕቃው እንደ በርሜል ቀጥ ያለ ከሆነ ነው።

ጀበና አስቡ። አንገቱ ላይ አንድ ጣት ቢጎድል የወጣው ቡና አንድ ስኒም አይሞላ። ሆዱ ላይ አንድ ጣት ከጎደለ ግን ሁለት ሦስት ስኒ ተቀድቷል። ከፍታው እኩል፣ መጠኑ ለየቅል። አሁን ጀበናው ውስጥ ኳስ አስገብታችሁ «ስንት ስኒ ቀረ?» ብላችሁ ጠይቁት። ጌጁ በየቀኑ የሚጠየቀው ይህንን ነው።

የሞተር ሳይክል ታንክ ደግሞ ከጀበናም የባሰ ነው። ፈረስ ላይ እንደተጫነ ኮርቻ ነው የሚቀመጠው። ከሥሩ የፍሬሙ ወፍራም ብረት ያልፋል፤ ታንኩ ያንን ብረት አቅፎ ግራና ቀኝ ይንጠለጠላል። ከላይ አንድ ሰፊ ክፍል አለ፤ ከታች ሁለት ኪሶች። ቤንዚኑ ሲጎድል ጎድሎ ከብረቱ ጀርባ በታች ሲወርድ ሁለቱ ኪሶች ይለያያሉ። ተንሳፋፊው ያለው አንዱ ኪስ ውስጥ ነው። የነዳጅ መክፈቻውም ብዙ ጊዜ ያለው በአንዱ በኩል ነው። ሁለቱን ኪሶች የሚያገናኝ ቱቦ ከሌለ በዚያኛው ኪስ የቀረውን ቤንዚን ጌጁም ላያየው፣ ኤንጅኑም ላያገኘው ይችላል። የድሮ ሞተረኞች ቤንዚን ሲያልቅባቸው ሞተራቸውን ወደ መክፈቻው በኩል አጋድመው መልሰው ሲያነሱት አይታችሁ ከሆነ ጸሎት አይደለም። ቤንዚኑን እያሻገሩት ነው። ጥቂት ኪሎ ሜትር ያስኬዳል።

ወደ ታንኩ አናት እንሂድ። ተንሳፋፊው ጣሪያው ድረስ አይወጣም። ዘንጉ የሆነ ቦታ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ በላይ ያለው ቤንዚን ቢጨመር ቢቀነስ ለጌጁ አንድ ነው። ለዚህ ነው እስከ አንገቱ ከሞላችሁ በኋላ ሰባ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ሄዳችሁም መርፌው «ሙሉ» ላይ ተኝቶ የምታገኙት። ባለ ሞተሩ ደስ ይለዋል። «የኔ ሞተር እኮ ቤንዚን አይበላም!» እያለ ለጓደኞቹ ያወራል። ከዚያ መውረድ ሲጀምር ተንደርድሮ ነው። ከሙሉ እስከ ግማሽ 180 ኪሎ ሜትር፣ ከግማሽ እስከ ባዶ 100 ኪሎ ሜትር ቢያስኬዳችሁ ቤንዚን የሰረቀ ሰው አትፈልጉ። የታንኩ ቅርጽ ነው።

ታችም እንዲሁ ነው። ዘንጉ ወለሉን ሳይነካ ይቆማል። መምጠጫው ቱቦም ወለሉን አይልስም፤ ትንሽ ቤንዚን ሁልጊዜ ከሥሩ ይቀራል። የታንክ መጠን 11 ሊትር ነው ሲባል 11ዱም ይነዳል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ታውቃላችሁ።

ሞተሩ ሲያጋድል

በጎን ስታንድ የቆመ ሞተር ወደ ግራ ያጋድላል። ቤንዚኑም አብሮ ወደ ግራ ይሄዳል። ተንሳፋፊው ግራ ኪስ ውስጥ ካለ ጌጁ ከእውነቱ በላይ ያሳያል፤ ቀኝ ኪስ ውስጥ ካለ በታች። ብዙዎቻችን ቤንዚን የምናየው መቼ ነው? ጠዋት፣ ሞተሩ በስታንድ ቆሞ፣ ቁልፍ ስናዞር። በጣም የሚሳሳትበትን ሰዓት መርጠን ነው የምንጠይቀው። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሜዳ ላይ ሲሄድ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁና እዩት።

«ጥቂት ደቂቃ» ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። መንገድ ላይ ቤንዚኑ በቅል ውስጥ እንዳለ እርጎ ይናጣል። ዳሽቦርዱ በየሰከንዱ ያየውን ሁሉ ቢያሳይ መስመሮቹ እስክስታ ይወርዱ ነበር። ስለዚህ አምራቾቹ ሆን ብለው ያዘገዩታል። የደቂቃዎችን ንባብ አማካኝ ወስዶ ነው መስመር የሚያጠፋው ወይም የሚያበራው። ከማደያ ሞልታችሁ ወጥታችሁ ጌጁ ለተወሰነ ጊዜ እንደ ድሮው ቢያሳይ አትደንግጡ።

ረጅም ቁልቁለትና ዳገትም ያው ነው። ቁልቁለት ላይ ቤንዚኑ ወደ ታንኩ ፊት ይሸሻል፤ ዳገት ላይ ወደ ኋላ። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ስትወርዱ ጌጁ የሚላችሁን እዚያው ተዉት። ደጀን ከወጣችሁ በኋላ ትነጋገራላችሁ።

አሁን ወደ መስመሮቹ ሒሳብ። ታንኩ 11 ሊትር፣ መስመሩ ስድስት ነው እንበል። ሁሉም እኩል ቢሆኑ እንኳን አንድ መስመር 1.8 ሊትር ገደማ ነው። ሞተሩ በሊትር 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ አንድ መስመር ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሁለት መስመር ሲያሳያችሁ ሁለተኛው አሁን ገና የደረሰ ይሁን ሊጠፋ አንድ ጠብታ የቀረው በምን ታውቃላችሁ? በምንም። ጌጁ ፍጹም ትክክል ሆኖ እንኳን የ70 ኪሎ ሜትር ጥርጣሬ አብሮት ይመጣል። ከደብረ ማርቆስ ደጀን ድረስ ማለት ነው። በመርፌ የሚሠራው አሮጌ ጌጅ ቢያንስ በመሃል ያለውን ያሳይ ነበር። እኔ በግሌ መስመሮቹን እድገት ብዬ አልቆጥራቸውም።

ወደ ሉማሜው ጉዴ ልመለስ። መካኒኩ ታንኩን አውርዶ ጌጁን ፈታና እጁ ላይ አድርጎ አሳየኝ። ዘንጉ ትንሽ ጎብጧል። ከወራት በፊት ታንኩን ዝገት አስጠርጌ ነበር፤ ሲመልሱት የጎበጠ ይመስለኛል። ቤንዚኑ ሲጎድል ተንሳፋፊው ይወርድና የሆነ ቦታ የታንኩን ግድግዳ ነክቶ እዚያው ይቀራል። «ወንድሜ፣ ይሄ ጌጅ እኮ ሁለት መስመር ላይ ነው የሚያድረው» አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ «ሪዘርቭስ?» ብሎ ጠየቀ፤ ለክፉ ቀን ከታንኩ ሥር የሚተርፈውን ቤንዚን ማለቱ ነው። ጎንበስ ብሎ መክፈቻውን አየ። ድሮውንም ሪዘርቭ ላይ ነበር። ከሳምንት በፊት አዙሬው ስሞላ መመለስ ረስቻለሁ። ዘንጉ የማንም ጥፋት ይሁን፣ ይቺኛዋ የኔ ናት።

ሌሎች የተለመዱ ብልሽቶችም አሉ። ዘንጉ ዕድሜ ልኩን የሚፈጋው ንጣፍ ይበላል፤ ያኔ መርፌው የሆነ ቦታ ላይ ሲደርስ ይዘላል ወይም ይጠፋል። ተንሳፋፊው ከተሰነጠቀ ቤንዚን ይገባበትና ይሰምጣል፤ ታንኩ ሞልቶም ባዶ ያሳያል። ገመዱ ከላላ ወይም ከዛገ እንደ አሠራሩ ወይ ሁልጊዜ ሙሉ፣ ወይ ሁልጊዜ ባዶ ይሆናል።

ተለዋጭ ዕቃ ስትገዙ ደግሞ ተጠንቀቁ። ከውጭ ሲታይ አንድ የሚመስል ጌጅ በኤሌክትሪክ ቋንቋው ሌላ ሊሆን ይችላል። በመኪናና በጀልባ ጌጆች የታወቁ ሁለት ልማዶች አሉ። የአሜሪካኑ ባዶ ሲሆን 240 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ ነው)፣ ሙሉ ሲሆን 33 ኦም ነው። የአውሮፓው ባዶ ሲሆን 10፣ ሙሉ ሲሆን 180። አንዱ ሲሞላ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ሌላው ሲሞላ ይወጣል። አንዱን ለሌላው ዳሽቦርድ ብትሰጡት ሞልታችሁ ባዶ፣ ጨርሳችሁ ሙሉ ይላችኋል። የሞተር ሳይክሎቹም ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያሉ። «ይሄም ይገጥማል» የሚለው ባለሱቅ ስለ ብሎኑ ነው የሚያወራው።

ውድ ሞተር ሲሆን ይሻላል ብላችሁ ካሰባችሁ የቢኤምደብሊውን ነገር ስሙ። እንደ ፈረንጆቹ ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአር 1200 ጂኤስና በመሰሎቹ ታንክ ውስጥ ተንሳፋፊውን ትቶ ቀጭን የፕላስቲክ ጥብጣብ አስገባ። ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም፤ በወረቀት ላይ የሚያምር ሐሳብ ነበር። ጥብጣቡ ቶሎ ቶሎ እየተበላሸ የባለ ሞተሮች ምሬት ሆነ። ኋላ ላይ ኩባንያው ራሱ ወደ ተንሳፋፊው ተመለሰ። ከሮቶው ኳስ ጋር ታረቁ ማለት ነው።

«ቀሪ 180 ኪሎ ሜትር» የሚለው ቁጥር

አዳዲሶቹ ሞተሮች ከመስመሩ ጎን ቁጥር ይጽፋሉ። በቀረው ቤንዚን ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትሄዱ። ቁጥር ደግሞ ሰውን ያሳምናል። «180» ተብሎ ሲጻፍ አንድ ሰው ለክቶ ያስቀመጠው ይመስላል። ሥራው ግን ማባዛት ብቻ ነው። በታንኩ ውስጥ አለ የተባለውን ሊትር፣ በሊትር ትሄዳለህ በተባለው ኪሎ ሜትር ያባዛል።

የመጀመሪያው ከዚያ ከኳሱ የመጣ ነው። ስህተቱን ይዞ ይመጣል። ሁለተኛው ግን ዘመናዊ ሞተር ላይ የሚገርም ጥራት አለው። በኢንጀክሽን የሚሠራ ሞተር ላይ ኮምፒውተሩ ራሱ ነው ቤንዚኑን የሚረጨው። አፈሙዙ ለስንት ጊዜ እንደተከፈተ ይቆጥራል። ስለዚህ እስካሁን ምን ያህል እንደበላ በደንብ ያውቃል። ችግሩ ያለው «እስካሁን» የሚለው ቃል ላይ ነው። የጠየቅነው ከፊታችን ስላለው መንገድ፤ የሚመልስልን ከኋላችን ስለቀረው።

የአባይን በረሃ ላሳያችሁ። ጎሃ ጽዮን ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ድልድዩ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ደጀን እንደገና ከ2,400 ሜትር አካባቢ። መንገዱ በጠቅላላው 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ጎሃ ጽዮን ላይ ዳሽቦርዱ 180 አለ እንበል። ቁልቁለቱን ማርሽ ውስጥ ሆናችሁ ጋዝ ለቃችሁ ስትወርዱ ኢንጀክሽኑ ቤንዚን መርጨቱን ያቆማል። ኮምፒውተሩ «ይሄ ሰውዬ ቤንዚን አይበላም» ብሎ ይደመድማል። ድልድዩ ላይ 210 ያሳያችኋል። 20 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ 30 ኪሎ ሜትር ተመረቀላችሁ! ከዚያ ዳገቱ ይጀምራል። በሁለተኛ ማርሽ እየጎተታችሁ ስትወጡ ቁጥሩ ይቀልጣል። ደጀን ስትገቡ 100 ቢል አይግረማችሁ።

ለመሆኑ ዳገቱ በእውነት ያን ያህል በላ? እናስላው። ሞተሩ፣ ሰውየውና ዕቃው አንድ ላይ 220 ኪሎ ይሁኑ። ያንን 1,400 ሜትር ወደ ላይ ማንሳት ሦስት ሚሊዮን ጁል ገደማ ይጠይቃል። አንድ ሊትር ቤንዚን 32 ሚሊዮን ጁል ያህል ጉልበት አለው፤ ግን ኤንጅን አብዛኛውን በሙቀት አባክኖ አንድ አራተኛውን ወይም ከዚያ ያነሰውን ነው ለጎማ የሚያደርሰው። ሲሰላ ዳገቱ ከሜዳ መንገድ በላይ የሚጨምረው ግማሽ ሊትር እንኳን በቅጡ አይሞላም። ቁልቁለቱ ላይ የቆጠባችሁት ደግሞ ከዚያ ብዙ የራቀ አይደለም። ስለዚህ ደጀን ላይ እውነተኛው ቁጥር 140 አካባቢ መሆን ነበረበት። የጠፋው 40 ኪሎ ሜትር ታንኩ ውስጥ አለ። ኮምፒውተሩ የቅርብ ጊዜውን ዳገት ይዞ እስከ ወዲያኛው ዳገት ነው ብሎ አስቦ ነው። ደጋው ላይ ትንሽ ስትነዱ ቁጥሩ ራሱ ተመልሶ ይወጣል። ያለፉትን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ብቻ የሚያይ ሞተር እንዲህ ያወራጫል፤ መቶዎችን የሚያይ ረጋ ይላል። ግን ረጋ ያለው መንገዱ እውነት ሲከፋም ዘግይቶ ነው የሚነቃው።

በነገራችን ላይ ቤንዚን ልቆጥብ ብሎ ቁልቁለቱን ኤንጅን አጥፍቶ የሚወርድ ሰው አለ። እባካችሁ። ኢንጀክሽን ከሆነ ማርሽ ውስጥ ጋዝ ሲለቀቅ ቤንዚን ዜሮ ነው፤ በፍሪ ከመውረድ ያንሳል። ፍሬናችሁም አይነድም።

ፋብሪካው በማስታወቂያ የሚናገረው ፍጆታ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ዓለም አቀፉ የሞተር ሳይክል መፈተሻ ሥርዓት ሞተሩ ላይ 75 ኪሎ የሚመዝን አንድ ሰው እንዳለ ይቆጥራል። እኛ አገር አንድ ሞተር ላይ የሚወጣውን ታውቃላችሁ። ሹፌሩ፣ እናትየው፣ ልጁ፣ አንድ ኩንታል ጤፍ ባይሆን ግማሹ። ቁጥሩ አልዋሸም፤ ስለኛ አይደለም የተናገረው።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባም ሆነ ደብረ ማርቆስ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። ቤንዚኑን ያለ ኮምፒውተር ከአየር ጋር በሚቀላቅል ካርቡሬተር የሚሠራ ሞተር ይህንን አያውቅም። አየሩ ሳስቶም ቤንዚኑን እንደ ቆላው ይለቃል። ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ለብሶ ካገኛችሁት አንዱ ምልክት እሱ ነው። ኢንጀክሽን ግን አየሩን ለክቶ ቤንዚኑን ይቀንሳል። የሳሳ አየር ደግሞ ደረት ላይ የሚገፋው ንፋስ እንዲቀልል ያደርጋል፤ ስለዚህ ደጋ ሁልጊዜ ኪሳራ አይደለም።

ሙቀትም አለ። ቤንዚን በ10 ዲግሪ ሙቀት መጠኑ አንድ በመቶ ገደማ ያብጣል። በብርድ ጠዋት ደጋ ላይ 10 ሊትር ጢም አድርጋችሁ ሞልታችሁ ቀትር ላይ በረሃው ውስጥ ብትገኙ ሩብ ሊትር ያህል ቦታ ያጣል። በመተንፈሻው ይወጣል። ከሞተር ሥር የቤንዚን ጠብታ አይቶ «ታንኬ ተቀደደ» ያለ ሰው አውቃለሁ። ኢታኖልም እንዲሁ ቁጥሩን ይነካል። አዲስ አበባ ላይ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የመጣ ኢታኖል 5፣ ቆይቶም 10 በመቶ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ይሸጥ ነበር። ኢታኖል በሊትር ያለው ጉልበት ከቤንዚን በአንድ ሦስተኛ ያንሳል። 10 በመቶ ሲቀላቀል ከ100 ኪሎ ሜትር 3 ያህሉን ይወስዳል ማለት ነው። ትንሽ ናት። ከኳሱ ስህተት ጋር ስትወዳደር እዚህ ግባ አትባልም።

ታዲያ ምን ይታመን?

ኪሎ ሜትሩ። ትሪፕ የምንለው ቆጣሪ ጎማ ሲዞር ነው የሚቆጥረው። ቤንዚን ተናጠ፣ ሞተር አጋደለ ግድ የለውም። እሱም ትንሽ ይሳሳታል። ጎማ ሲበላ ዙሪያው ያጥራል፤ አምስት ሚሊ ሜትር ጥርስ ከጠፋ ስህተቱ ሁለት በመቶ አይሞላም። በስልክ ካርታ አንድ ጊዜ 100 ኪሎ ሜትር አመሳክሩትና ተገላገሉ። ከፍጥነት መለኪያው ጋር ግን አታምታቱት። በተባበሩት መንግሥታት ደንብ መሠረት የፍጥነት መለኪያ ከእውነቱ በላይ እንዲያሳይ ይፈቀድለታል፤ በታች ግን በፍጹም። ስለዚህ ብዙው ሆን ተብሎ አጋንኖ ያሳያል።

ዘዴው የታወቀ ነው፤ ከሙሉ እስከ ሙሉ ይባላል። ታንኩን ሙሉ፣ ትሪፑን ዜሮ አድርጉ። ንዱ። እንደገና ስትሞሉ የገባውን ሊትር ያዙና ኪሎ ሜትሩን አካፍሉ። እኔ ባለፈው 281 ኪሎ ሜትር ሄጄ 7.4 ሊትር ገባልኝ። በሊትር 38 ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያበላሻል። አንደኛው «የ500 ብር ቅዳልኝ» የሚለው ልማዳችን ነው። በብር ከቀዳችሁ ሙሉ መሆኑን አታውቁም፤ ሒሳቡ አይሠራም። ሁለተኛው የመሙያው ከፍታ ነው። አንዱ ቀጂ አንገቱ ድረስ ይሞላል፤ ሌላው ቀድሞ ያቆማል። በስታንድ ቆሞ ሲሞላና ቀጥ ብሎ ሲሞላም ይለያያል። የ0.3 ሊትር ልዩነት አለ እንበል። ሁለት ሊትር ብቻ ከቀዳችሁ ስህተቱ 15 በመቶ ነው። ዘጠኝ ሊትር ስትቀዱ ወደ ሦስት በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ በአንድ ትንሽ ቅጂ አትፍረዱ። አምስት ስድስት ጊዜ መዝግቡና ከሁሉ የከፋውን ቁጥር ያዙ። አማካዩን አላልኩም። ቤንዚን የሚያልቅባችሁ በአማካይ ቀን አይደለም፤ ሰው ጭናችሁ ዳገት በምትወጡበት፣ ነፋስ በሚገፋበት ቀን ነው።

መክፈቻ ላለው ሞተር ሪዘርቭ የሚባል ባለውለታ አለ። ብዙ ሰው ሪዘርቭን ሌላ ታንክ ይመስለዋል። አይደለም። ታንኩ ውስጥ ሁለት መምጠጫ አለ። አንዱ ረጅም ሆኖ ከወለሉ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ሌላው ሥሩ ላይ ነው። ቤንዚኑ ከረጅሙ በታች ሲወርድ ኤንጅኑ ይንተፋተፋል። ታዞሩታላችሁ፤ ከሥሩ ይጠጣል። ኤሌክትሪክ የለው፣ ኳስ የለው፣ ሶፍትዌር የለው። ከዳሽቦርዱ ሁሉ እሱን አምናለሁ። ድክመቱ አንድ ነው፤ ስትሞሉ ካልመለሳችሁት እንደኔ ትገፋላችሁ።

መክፈቻ የሌላቸው የኢንጀክሽን ሞተሮች መብራት ነው ያላቸው። አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ብዙ ያማሃዎች፣ ነዳጁ ሪዘርቭ ሲደርስ ከዜሮ ወደ ላይ መቁጠር ይጀምራሉ። መብራቱ ከበራ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄዳችሁ ይነግሯችኋል። ትንቢት አይናገሩም፤ ያለፈውን ብቻ። ይህቺን ወድጃታለሁ። እነዚህን ሞተሮች ግን እስከ ጠብታው አትንዱ። ፓምፑ ታንኩ ውስጥ ነው፤ የሚያቀዘቅዘውም ቤንዚኑ ራሱ ነው።

ኤሌክትሪክ ሞተርስ?

አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ድምፅ ሳያሰሙ የሚያልፉ ሞተሮች በዝተዋል። እነሱስ ከኳሱ ተገላግለዋል? ከኳሱ አዎ፤ ከችግሩ ግን አይደለም። ባትሪ ውስጥ ስንት እንደቀረ በዓይን አይታይ፣ በዱላ አይለካ። ርካሾቹ ቮልቴጁን ነው የሚያዩት። ዳገት ላይ ጋዝ ስትሰጡ ቮልቴጁ ይወድቃል፤ አንድ መስመር ይጠፋል። አናት ላይ ስታርፉ ባትሪው ነፍስ ይዘራና መስመሩ ይመለሳል። የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ደግሞ ለዚህ ዘዴ ጨርሶ አይመችም። አንዱ ሴል ከሙሉ ትንሽ ወረድ ካለ ጀምሮ ሊያልቅ እስኪል ድረስ 3.2 እና 3.3 ቮልት መካከል ይተኛል። መጨረሻ ላይ ከገደል ይወድቃል። «ሙሉ» ላይ ተኝቶ የነበረውን መርፌ አስታወሳችሁ?

ሻል ያሉት የገባውንና የወጣውን ኤሌክትሪክ ይቆጥራሉ፤ እንደ ገቢና ወጪ መዝገብ። ጥሩ ነው፤ ግን ትንንሽ ስህተት እየተጠራቀመ ይሄዳል። መዝገቡ የሚታረቀው ባትሪው ሙሉ በሙሉ ሲሞላ ነው። በየቀኑ ከ40 ወደ 70 በመቶ እያደረጋችሁ የምትነዱ ከሆነ አልፎ አልፎ 100 አድርሱት። ባትሪው ሲያረጅ ደግሞ ታንኩ ራሱ ይጠባል። ቤንዚን ታንክ እንኳን ይህን አላደረገብንም። መድኃኒቱ ግን አንድ ነው፤ በራሳችሁ መንገድ፣ በራሳችሁ ጭነት፣ ኪሎ ሜትር መዝግቡ።

የኔ ዘንግ ተቃንቷል፤ ጌጁም አሁን ደህና ይሠራል። እኔ ግን አላየውም። ታንኬ 11 ሊትር ነው፤ ከሪዘርቭ በላይ ያለው 9.5 ያህል። በደብተሬ የከፋው ቁጥር በሊትር 33 ነው። ወደ 310 ኪሎ ሜትር ያስኬደኛል። ቁጥሩን ቀነስ አድርጌ 250 ብዬ በነጭ ፕላስተር ጽፌ ዳሽቦርዱ ላይ፣ ልክ መስመሮቹ የሚበሩበት ቦታ ላይ ለጠፍኩት። ባለፈው ሳምንት በዚያው መንገድ ሳልፍ ያ ልጅ አወቀኝ። ሃይላንዱን ከፍ አድርጎ አወዛወዘልኝ። ትሪፑ 112 ይላል። ክላክስ ነካ አድርጌለት አለፍኩ።